ፖለቲካ ልማር ያለው ልጅ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

በጦሳ ግርጌ ደሴ ያላችሁ፣ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በሐይቅም፣ በከሚሴም፣ በወረኢሉም ሬዲዮናችሁን ከፍታችሁ የምትጠብቁን ሁሉ እንኳን ደኅና ቆያችሁን።

ባለፈው ሳምንት ዝግጅታችንን ጨርሰን ከስቱዲዮ ልንወጣ ስንል ስልክ ጮኸ። የደወሉት አንዲት የደሴ እናት ናቸው። ስማቸውን እንዳልጠራ ለምነውኛል፤ አልጠራም። እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ ዐሥራ ሁለተኛን አልፎ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ፍሬሽማኑን ጨርሶ አሁን ፖለቲካ ልማር ይለኛል። አባቱ ይህን ከሰማ ጀምሮ እህል በወጉ አልቀመሰም። ምን በድለነው ነው? ደግሞስ ትምህርቱ ምንድን ነው? ተምሮ ሲወጣ ምን ይሆናል?»

እኔም አብሽሩ አልኳቸው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሙሉ ሰዓቱን ለእርስዎ ጥያቄ እሰጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ዛሬ ቃሌን ልፈጽም ነው የመጣሁት። እናቴ፣ እየሰሙኝ ከሆነ አባቱንም ወደ ሬዲዮው ጠጋ ያድርጓቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ እንላለን። ይህን የማያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። አባባሉን ያመጣው ሰው ከመከራ ተምሮ ነውና አልፈርድበትም። በዚህች ደሴ ከተማ ልጁን ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሸኝቶ ማታ ሬሳውን የፈለገ አባት እንደነበረ ታላላቆቻችን ያውቃሉ። ቀይ ሽብር ቀበሌ ድረስ፣ ክፍል ጓደኛ ድረስ የገባበትን ዘመን ያየ ሰው፣ ልጁ «ፖለቲካ» ሲለው ልቡ ቢደነግጥ ልክ ነው።

ግን እስቲ አንድ ቤት እናስብ። ሁለት ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። አንደኛው ኮምቦልቻ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ግቢ፣ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ደረሰው፤ ቤቱ እልልታ ሆነ፣ በግ ታረደ። ሁለተኛዋ ደሴ ላይ ፖለቲካ ሳይንስ መረጠች፤ ቤቱ ዝም አለ። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው ልጅ የሚማረው ያንኑ በሩቁ የተባለውን ኮረንቲ ነው። አባትየው ልጁ ኮረንቲ ሊነካ ነው ብሎ አልፈራም። ለምን? ኮረንቲን የሚያውቅ ሰው ሲነካውና ያላወቀ ሰው ሲነካው እንደሚለያይ ስለሚያውቅ ነው። ኮረንቲን ሸሽተን በጨለማ አንኖርም። መንግሥትንም ሸሽተን መኖር አንችልም፤ የልደት ምስክር ወረቀታችንን፣ የቤት ካርታችንን፣ የስኳሩን ወረፋ፣ የልጁን ምደባ፣ የመንገዱን ኬላ የሚይዘው እሱ ነውና። ስለዚህ ከቤቱ ሰዎች አንዱ ሽቦው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ቢያውቅ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

ትምህርቱ ምንድን ነው ላሉኝ፣ በእኔ አነጋገር አራት ጥያቄ ነው። ማን ይወስናል? በምን ሥልጣን ይወስናል? ወጪውንና መከራውን ማን ይሸከማል? ሲያጠፋስ ማን ይጠይቀዋል? ተማሪዋ ከመጀመሪያው ዓመት እስከ መመረቂያ ጽሑፏ ድረስ የምታነበው ሁሉ እነዚህን አራት ጥያቄዎች በተለያየ አገርና ዘመን መጠየቅ ነው። ፕላቶንና አሪስቶትልን ታነባለች። የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ያስደነገጠውን ሆብስን ታነባለች። ኢብን ኻልዱን መንግሥታት እንዴት ተነሥተው እንዴት እንደሚወድቁ በ14ኛው መቶ ዘመን የጻፈውን ብታነብ ደግሞ እኔ ደስ ይለኛል፤ ለወሎ ልጅ እንግዳ የማይሆን ብዙ ነገር አለበትና።

ይህ ትምህርት ከፈረንጅ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ግን ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የጻፉት መጽሐፍ ርእሱ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። እሳቸው በ1911 ዓ.ም. አረፉ፤ መጽሐፉ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ታተመ። አዲስ አበባ ላይ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከመከፈቱ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው። ሀብት ከሥራና ከዕውቀት እንደሚመጣ፣ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር በንግዱ እንደሚጎዳ፣ በአማርኛ አስበው በአማርኛ ጽፈዋል። ፖለቲካ ሳይንስ የሚማር ልጅ ይህን መጽሐፍ ሳያነብ ከተመረቀ አንድ ነገር ጎድሎበታል ብዬ አምናለሁ።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ከደሴ ወደ ወልድያ እንሂድ። ሐይቅን ታልፋላችሁ፤ አምባሰልን በጎን እያያችሁ ትንሽ እንደተጓዛችሁ ውጫሌ ትደርሳላችሁ። ብዙዎቻችን ሻይ ጠጥተን የምናልፋት ከተማ ናት። ስለ መንግሥት ለሚማር ሰው ግን ከውጫሌ የተሻለ መማሪያ ክፍል በዓለም ላይ ስንት አለ?

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ ስፍራ ምኒልክና የጣልያኑ ወኪል ፒዬትሮ አንቶኔሊ ውል ተፈራረሙ። ውሉ 20 አንቀጽ አለው። ስለ ወሰን ይናገራል፣ ስለ ንግድ ይናገራል። ሁላችንም ከትምህርት ቤት የምናስታውሰው ግን አንቀጽ 17ን ነው። በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣልያን መንግሥት አማካይነት መጠቀም ይቻላቸዋል። ይቻላቸዋል፤ ቢፈልጉ ማለት ነው። በጣልያንኛው ግን ንጉሠ ነገሥቱ በጣልያን ለመጠቀም ተስማምተዋል የሚል ነው። ጣልያንም ይህን ግዴታ ነው ብላ ተረጎመችው። አንድ ግሥ ነው ልዩነቱ። በዚያች አንድ ግሥ አገር ነጻ ይሆናል፤ ወይም በሌላ አገር ሞግዚትነት ሥር ይወድቃል።

ይህን ሁላችንም የተማርነው እንደ ታሪክ ነው፤ ጣልያን አታለለችን፣ አድዋ ላይ ድል አደረግናት። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ እዚያ ላይ አያቆምም። ምኒልክ ለምን ፈረሙ ብሎ ይጠይቃል። ቀኑን ይመልከት፤ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት በዚያው ዓመት በመጋቢት ነው። ዙፋኑ ገና አልጸናም፤ ተቀናቃኝ አለ፤ መሣሪያም እውቅናም ያስፈልጋል። ጣልያን ለምን እንዲህ ጻፈች ብሎም ይጠይቃል። የአውሮፓ መንግሥታት በርሊን ላይ ተሰብስበው በ1877 ዓ.ም. ባወጡት ስምምነት፣ በአንቀጽ 34፣ አንድ መንግሥት በአፍሪካ ጠረፍ ግዛት ሲይዝ ወይም በሞግዚትነት ሲያስገባ ለሌሎቹ ማሳወቅ አለበት የሚል ደንብ ነበረ። ጣልያን ይህን ደንብ ተጠቅማ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በእኔ በኩል ነው የምትነጋገረው ብላ አስታወቀች። ማለትም ወጥመዱ ውጫሌ ላይ ብቻ የተዘረጋ አልነበረም፤ በርሊን ላይ የተጻፈ ሌላ ወረቀት ነበረው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያላነበበ ሰው ነገሩን በሙሉ አያየውም።

ምኒልክ እንዴት አወቁ? ለአውሮፓ ነገሥታት የንግሥናቸውን ዜና ጽፈው ላኩ። ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ከእርስዎ ጋር የምንነጋገረው በጣልያን በኩል ነው የሚል ሆነ። ያኔ ነው ውሉ እንደገና የተነበበው። እቴጌ ጣይቱ ከአንቶኔሊ ጋር ስለተከራከሩት ክርክር ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ምኒልክም በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀበሉት ለመንግሥታቱ አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ወደ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ይወስዳል።

ይህን ሁሉ የምላችሁ አንድ ነገር ለማሳየት ነው። ይህ ትምህርት ንባብ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ግሥ፣ «ይችላል» የሚለውንና «አለበት» የሚለውን፣ «ያማክራል» የሚለውንና «ይወስናል» የሚለውን ለይቶ ማንበብ ነው። አንዲት እናት ቀበሌ ሄዳ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለሽ» ስትባል፣ የምትጠብቃት ፊርማ በመመሪያው መሠረት የኃላፊው በጎ ፈቃድ ናት ወይስ ግዴታው? እኔም ሦስት ቀን የፈጀብኝ አንድ የመኖሪያ ማስረጃ ነበረ፤ በአራተኛው ቀን መመሪያውን አትሜ ይዤ ሄድኩ፤ በጨዋ ደንብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ማስረጃዬን ይዤ ወጣሁ። ጠብም፣ ጩኸትም አልነበረም።

(አጭር ሙዚቃ)

ከደሴ ሳንርቅ ሌላ ሜዳ አለ። ቦሩ ሜዳ። አሁን ስሙ ሲጠራ ብዙ ሰው የሚያስበው ሆስፒታሉን ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩት እዚያ ነው፤ ምኒልክም ነበሩ። ጉባኤው የተዋሕዶን ትምህርት አጸና፤ ከዚያ የተከተለው አዋጅ ደግሞ የወሎን ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ አዘዘ። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል ሆነው ደሴ ላይ የአይጠየፍን አዳራሽ አሠሩ። እንደ ሼህ ጠልሃ ያሉት ደግሞ አዋጁን አንቀበልም ብለው ተነሡ። በብዙ የወሎ ቤት ውስጥ የሙስሊምና የክርስቲያን ስም በአንድ የዘር ሐረግ ላይ ተደርድሮ የምናየው ያለ ምክንያት አይደለም።

ተማሪዋ ይህን ታነብና ሕገ መንግሥቶቻችንን ትገልጣለች። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ያደርጋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው፣ አንቀጽ 11፣ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። በቦሩ ሜዳና በአንቀጽ 11 መካከል ያለው ርቀት ከመቶ ዓመት ይበልጣል፤ በሰው ሕይወት የተከፈለለት ርቀት ነው። የወሎ ተማሪ ይህን አንቀጽ ሲያነብ ከየትኛውም አገር ተማሪ በላይ ክብደቱ ሊገባው ይገባል።

ስለ ዓለም አቀፍ ግንኙነትም ደሴ የራሷ ትምህርት አላት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ነበሩ፤ መትረየስ ይዘው የተነሡት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም ተመታ። ኢትዮጵያ ያን ጊዜ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ነበረች፤ ሕጉ ከእሷ ጋር ነበረ። በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ቆመው ሲናገሩ አገሪቱ ተይዛ ነበር። ሕግ አለ፣ ሕጉን የሚያስከብር ግን የለም፤ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ከዚህ ጥያቄ ጋር ሲታገል ይኖራል። ጥያቄውን ከመጽሐፍ በፊት የደሴ ሰፈሮች፣ ቧንቧ ውሃና አራዳ፣ ቀምሰውታል።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን አባትየው ወደሚፈሩት ነገር ልግባ። አልሸሸውም።

ደሴ ላይ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ከተማሩት ልጆች አንዱ ዋለልኝ መኮንን ነው። ከዚያ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ፖለቲካ ሳይንስ አጠና። ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. በተማሪዎች መጽሔት ላይ የኢትዮጵያን የብሔረሰቦች ጥያቄ የሚመለከት፣ ጥቂት ገጽ ብቻ የሆነች ጽሑፍ አወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ከጓደኞቹ ጋር አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር ተገደለ። ገና ወጣት ነበር። ከ22 ዓመት በኋላ በዚያው ቀን፣ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ አሁን ያለንበት ሕገ መንግሥት ጸደቀ፤ የብሔሮችን እስከ መገንጠል ያለ መብት የሚደነግገው አንቀጽ 39 ያለበት።

ስለዚያ ጽሑፍ በወሎ ቤት ውስጥ እስከ ዛሬ የሚካረር ክርክር አለ። አንዱ አገር ያፈረሰ ወረቀት ይለዋል፤ ሌላው የታፈነ እውነት የወጣበት ይለዋል። እኔ ዛሬ በዚህ ማይክሮፎን ፍርድ ልሰጥ አልመጣሁም። የማዝንበት ሌላ ነገር አለ። ጽሑፉን የሚያወግዙት አብዛኞቹ አላነበቡትም፤ የሚያወድሱትም አብዛኞቹ አላነበቡትም። ስለ አንድ የሃያ ምናምን ዓመት ተማሪ ጥቂት ገጾች ሃምሳ ዓመት ተሟግተን ገጾቹን ሳንገልጥ ቀረን። የዋለልኝ ትውልድ ብልህ ነበረ፣ ደፋር ነበረ፣ ለሕዝብ ተቆርቋሪ ነበረ፤ ግን የሚጠይቀው ጥያቄ እንጂ የሚታገሠው መልስ አልነበረውም። አንዱ ለሌላው «ተሳስተሃል፣ ማስረጃህን አሳየኝ» ከማለት ይልቅ «ጠላት ነህ» አለው። ከዚያ በኋላ የመጣው የየቤታችን ሐዘን ነው።

እንግዲህ አባቴ፣ እርስዎ የሚፈሩት ይህን ከሆነ፣ ልክ ነዎት። ነገር ግን ያ መከራ ወጣቶች ፖለቲካ ስለተማሩ አልመጣም። በመፈክር የተማሩት ነገር በክፍል ውስጥ በሰከነ መንፈስ ስላልተፈተሸ ነው። ጥሩ የፖለቲካ ሳይንስ ክፍል ልጅዎ የሚጠላውን ሐሳብ ከደጋፊው በተሻለ አድርጎ እንዲያስረዳ ያስገድደዋል። ይህን የቻለ ልጅ በቀላሉ ድንጋይ አያነሣም። ክፍሉ ጥሩ ካልሆነስ? እኔ ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህራችን ዓመት ሙሉ የዐሥር ዓመት ሃንድአውት እያነበበ አስጽፎን ወጣ፤ ሕገ መንግሥቱን ራሱን አንድ ቀን በእጃችን አላስያዘንም። በአንድ ፈተና «ኤ» አገኘሁ፤ ምንም አላወቅሁም ነበር። ስለዚህ ልጅዎ ሲመጣ ምን ግሬድ አመጣህ ከማለትዎ በፊት ምን አነበብክ ይበሉት።

(አጭር ሙዚቃ)

ሐረጎን እንውረድ። ኮምቦልቻ።

በከተማዋ ውስጥ ለዮሌና ወርቃ የሚባሉ ወንዞች አሉ። ፋብሪካዎቹ፣ ቆዳው፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረቱ፣ በአካባቢያቸው ተሰብስበዋል፤ ፍሳሻቸው ወደነዚህ ወንዞች ይገባል፤ ወንዞቹ ወደ ቦርከና ይገባሉ። ቦርከና ደግሞ ወደ ጨፋ ይወርዳል፤ በበጋ የኦሮሞውም፣ የአርጎባውም፣ የአፋሩም ከብት ወደሚሰማራበት ረግረግ። ከዚያ ወደ አዋሽ።

የኮምቦልቻው ልጅ፣ የቴክኖሎጂው፣ ከወንዙ ውሃ ቀድቶ ቤተ ሙከራ ይወስዳል። ክሮሚየሙን ይለካል፤ ቁጥሩን ይጽፋል። ግሩም ሥራ ነው። ከዚያስ? ቁጥሩ ለማን ይሰጥ? እዚህ ላይ ነው የእኅቱ ትምህርት የሚጀምረው። ለፋብሪካው ፈቃድ የሰጠው ማን ነው፣ ፌዴራሉ ነው ክልሉ? ወንዙ ከደቡብ ወሎ ተነሥቶ ወደ ኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ሲሻገር የታመመውን ከብት ጉዳይ የትኛው ጽሕፈት ቤት ይሰማል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕ አካባቢ መብት ነው ይላል። በአንቀጽ 51 የፌዴራሉን ሥልጣን ይዘረዝራል፤ በአንቀጽ 52 የቀረውን ለክልሎች ይተወዋል፤ መሬትን ክልሎች የሚያስተዳድሩት ደግሞ ፌዴራሉ ባወጣው ሕግ መሠረት ነው። ከብቱ የሞተበት አርብቶ አደር ይህን ሁሉ ቢሮ ዞሮ አይጨርሰውም። ሁለቱ ተማሪዎች፣ የኮምቦልቻውና የደሴዋ፣ አንድ ላይ ተቀምጠው አንድ ጥናት ቢጽፉ ግን አርብቶ አደሩ በየትኛው በር መግባት እንዳለበት ይታወቅ ነበር። ከደሴ ኮምቦልቻ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ሁለቱ ግቢዎች የአንድ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ። እንዲህ ያለ ሥራ በሁለቱ ግቢዎች መካከል ሲበዛ ማየት ትልቁ ምኞቴ ነው።

ከተማዋ ውስጥ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። እዚያ የሚሰፋው ልብስ ለውጭ ገበያ ነው። አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ምርት ከቀረጥ ነጻ ገበያ የምትሰጥበት አጎዋ የሚባል ሕግ አውጥታ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚያ ዕድል አስወጣቻት። ኮምቦልቻ ያን ጊዜ ከጦርነት ከወጣች አንድ ወር እንኳ አልሞላትም ነበር፤ ከተሞቻችን የተያዙት በጥቅምት ነው፣ የተለቀቁት ኅዳር 27 ነው። ዩኒቨርሲቲውም ተዘርፎ፣ ወንበርና ቤተ ሙከራው ተሰባብሮ ነበር የተገኘው። ዋሽንግተን ላይ የተፈረመች ወረቀት ኮምቦልቻ ስፌት ላይ የተቀመጠች ልጅ ደመወዝ ላይ ስትደርስ፣ ማን ወሰነ፣ ማን ተሸከመ የሚለው ጥያቄ ወደ ቤታችን ይገባል።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ስለ አገባቡም ጥቂት ልበል፤ የጠየቁኝ አሉ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሬሽማን ዓመት ተመልሷል። በዚያ ዓመት ተማሪው እንደ ሞራልና ሲቪክ ያሉ የጋራ ትምህርቶችን ይማራል፤ ከዚያ በውጤቱና በምርጫው ወደ ትምህርት ክፍሉ ይመደባል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ከመቶ 70ውን ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ውን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ሲመድብ ስለኖረ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ የወደቀ ልጅ የሚጣልበት ነው የሚል አስተሳሰብ በቤተሰብ ዘንድ ሥር ሰድዷል። ይህ መታረም አለበት። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከግማሽ በላይ ያመጣው ተማሪ ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። በዚህ ወንፊት ውስጥ ያለፈ ልጅ የትም ቢመደብ የተጣለ አይደለም። ሲመረቅም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለበት፤ ያን ሳያልፍ ዲግሪውን አይዝም።

ሥራስ? በዚህ አልዋሽም። ዲግሪውን ይዞ ሁለት ሦስት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የቆመ ልጅ በደሴ ፒያሳ አለ፤ አውቀዋለሁ። የሚሄዱበት መንገድ ግን ብዙ ነው፤ ወረዳና ዞን ጽሕፈት ቤት፣ ውጭ ጉዳይ፣ ምርጫ ቦርድ፣ የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ የሚታይበት የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን፣ ዕንባ ጠባቂ፣ የእርዳታ ድርጅት፣ መምህርነት፣ ጋዜጠኝነት። ሥራ ፈጥነው ሲያገኙ ያየኋቸው ሦስት ነገር የያዙ ናቸው። ስታትስቲክስ አልሸሹም። እንግሊዝኛን ለመጻፍ በሚያበቃ ደረጃ ተምረዋል። ከአማርኛ ሌላ አንድ የአገራችንን ቋንቋ ያውቃሉ፤ ከደሴ ለተነሣ ልጅ ኦሮምኛው ከሚሴ ነው ያለው፣ አፋርኛው ባቲ ገበያ ላይ።

ዶርሙም ትምህርት ነው። ልጅዎ ከጅማ፣ ከጂግጂጋ፣ ከአዲግራት ከመጣ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ያድራል። አንቀጽ 39ን አብረው ያነባሉ፤ እያንዳንዱ ግን ከየቤቱ የሰማው ታሪክ ሌላ ነው። ያንን ሌሊት ሳይጣሉ የነጋላቸው ልጆች፣ አስተማሪ የማይሰጠውን ነገር ተምረዋል።

(ሙዚቃው ከሥር ይገባል)

ሰዓታችን እየደረሰ ነው። ከመለያየታችን በፊት ለተማሪዎቻችን የቤት ሥራ ልስጥ፤ እናትና አባትም ቢያግዙ ደስ ይለኛል። ወሎ ውስጥ ቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ የሌለው ሰፈር የለም። የሰፈራችሁን ቅሬ መተዳደሪያ ደንብ ለምኑና ውሰዱ፤ ያልተጻፈ ከሆነ ሽማግሌዎቹን ጠይቃችሁ ጻፉት። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው የሚቀብሩበት ከሆነ እንዴት እንደተስማሙ ጠይቁ። መሪው እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይወርዳል? ገንዘቡን ማን ይይዛል፣ ማን ይቆጥረዋል? ቀብር የቀረ ሰው ቅጣቱ ስንት ነው፣ ቅጣቱ በዛብኝ ያለስ ለማን ይናገራል? «ይችላል» እና «አለበት» የሚሉትን ቃላት በእርሳስ ክበቡባቸው።

እናቴ፣ እርስዎም ከልጅዎ ጋር ይሞክሩት። የጻፋችሁትን ይዛችሁ ደውሉልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ከእናንተ የመጣውን የመጀመሪያውን የቅሬ ደንብ፣ አንቀጽ በአንቀጽ፣ አብረን እናነባለን።

ደኅና እደሩ።

(ሙዚቃው ከፍ ይላል)